ለሁሉም ክፍት ከተባለ በሩም ክፍት ይሁን፦ ለትምህርት ሚኒስትሩ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለህዝብ ተብለው ስለሚዘጋጁ ሌክቸሮችና የንባብ ፕሮግራሞች ነው፣ የታሪክ፣ የፍልስፍና፣ የቋንቋና የስነጽሁፍ ማለቴ ነው። እኔ ተማሪም መምህርም አይደለሁም፣ ከስራ ስወጣ ቁጭ ብሎ መስማት የምወድ ሰው ነኝ።

በቅርቡ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ (ስሙን አልጠራም፣ ችግሩ የሱ ብቻ አደለም) የግጥም ንባብና ውይይት አለ፣ ለሁሉም ክፍት ነው የሚል ፖስተር አየሁ። ሰዓቱ በስራ ቀን ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ነበር፣ እንደምንም ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩና በር ላይ መታወቂያ ተባልኩ፣ የራሴን ሳሳይ የግቢው መታወቂያ ካልሆነ አይቻልም አሉኝ፣ ፖስተሩን ከስልኬ አውጥቼ ባሳያቸውም ጥበቃው "የተነገረኝ ነገር የለም" አለኝ። ልጁ ጨዋ ነው፣ እውነቱንም ነው፣ ማንም አልነገረውም። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ተመለስኩ። በሳምንቱ ቅጂው ካለ ብዬ ደወልኩ፣ አልተቀዳም።

በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም እንዲህ አይነት ፕሮግራም ላይ ከውጭ የመጣ ሰው ምን እንደሚጨምር አይቻለሁ። አንዴ የገባሁበት የታሪክ ሌክቸር ላይ አንድ አባት ተነስተው፣ አሁን ከሰነድ ያነበብከውን ነገር እኔ በቦታው ነበርኩ ግን እንደዛ አልነበረም የሆነው ብለው መናገር ሲጀምሩ ተናጋሪው እስኪርቢቶ አውጥቶ ይጽፍ ጀመር፣ አዳራሹ ጸጥ አለ። እኚህ ሰው በር ላይ ቢመለሱ ኖሮ ያን ቀን ተማሪዎቹም ተናጋሪውም ያጡት ነገር ነበር።

ሌክቸርን ለህዝብ ክፍት ማድረግ ደግሞ አዲስ ሀሳብ አይደለም (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፓሪስ ያለው ኮሌጅ ደ ፍራንስ በ1530 ከተመሰረተ ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ ምዝገባ የለ፣ ፈተና የለ፣ ዲግሪ የለ፣ የፈለገ ሰው ገብቶ በነጻ ይሰማል። ለንደን ግሬሻም ኮሌጅ ከ1597 ጀምሮ በነጻ ሌክቸር ይሰጣል፣ ዛሬ ኢንተርኔት ላይም ይለቀዋል። እኔን በጣም የገረመኝ ግን የስኮትላንዱ ዳኛ የአዳም ጊፎርድ ነገር ነው፣ ሰውየው ለ4 የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ ሲናዘዝ ሌክቸሮቹ ለተማሪ ብቻ ሳይሆን ለመላው ማህበረሰብ ያለምዝገባ ክፍት ይሁኑ የሚል ቃል አስገባበት። ሌክቸሮቹ በ1888 ተጀምረው አሁንም አሉ። ክቡር ሚኒስትር፣ አንድ ግለሰብ በገዛ ገንዘቡ ይሄን ካስጻፈ፣ የህዝብ በጀት የሚመድብ መስሪያ ቤት ማስጻፍ አይከብደውም።

ሰዓትን በተመለከተ ፈረንሳዊውን ፈላስፋ ሚሼል ፉኮን ልጥቀስ። ኮሌጅ ደ ፍራንስ ሲያስተምር ህዝቡ አዳራሹን ሞልቶ ስለሚያስጨንቀው በ1976 ሰው ይቀንስልኝ ብሎ ሌክቸሩን ከአመሻሽ ወደ ጠዋት አዛወረው (ሰዉ ግን አልቀነሰም)። እሱ ሰው ለመቀነስ የመረጠውን መላ እኛ ጋ ሰው ይምጣ ተብሎ ፖስተር በተለጠፈበት ፕሮግራም ላይ ሲደረግ ማየት ያሳዝናል፣ በስራ ሰዓት የተጠራ ህዝብ ከየት ይመጣል?

የቅጂው ነገር ደግሞ አለ። የፉኮን ሌክቸሮች ዛሬ በመጽሐፍ የምናገኛቸው አድማጮቹ ቴፕ ይዘው እየሄዱ ስለቀዱ ነው። የስዊዘርላንዱ የቋንቋ ሊቅ የሶሱር የቋንቋ ሳይንስ ትምህርት ጄኔቫ ውስጥ ከ1907 እስከ 1911 የተሰጠ ነው፣ እሱ ከሞተ በኋላ በ1916 መጽሐፍ የሆነው ከተማሪዎቹ ደብተር ተለቅሞ ነው፣ ያዘጋጁት ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም። የአርጀንቲናው ደራሲ ቦርኼስ ሀርቫርድ ላይ በ1967 እና 68 ስለ ግጥም የተናገረው፣ ያውም አይኑ ስለደከመ ያለወረቀት በቃሉ፣ ቴፑ ላይብረሪ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ተቀምጦ በ2000 ነው የታተመው። እነዚህ ሁሉ ለትንሽ የተረፉ ናቸው። ዛሬ ስልክ በቂ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ብቻ። በተለይ የግጥም ንባብ በወረቀት አይተካም፣ ገጣሚው የት ጋ እንደሚተነፍስ፣ የትኛው ቃል ላይ ድምጹ ዝቅ እንደሚል ካልተቀዳ በምንም አይገኝም።

ስለዚህ የምለምንዎ ይሄን ነው። ለዩኒቨርሲቲዎች በሚላከው መመሪያ ላይ "ለህዝብ ክፍት" የተባለ ፕሮግራም ሁሉ ከስራ ሰዓት ውጭ ወይም ቅዳሜ እንዲሆን፣ ለጥበቃዎች ቀድሞ በጽሁፍ እንዲነገርና ማንኛውም መታወቂያ የያዘ ሰው እንዲገባ ያድርጉ። ተናጋሪው ከፈቀደ ድምጹ ይቀዳ፣ ተቀድቶም መምሪያ ኃላፊው ኮምፒውተር ላይ አይቅር፣ በዩኒቨርሲቲው ዌብሳይት ይለቀቅ። ለጥያቄ የሚሰጠው ጊዜም ከመጨረሻ የተረፈች 5 ደቂቃ አትሁን፣ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው እዛ ላይ ነው።

አዳራሹም ወንበሩም መምህራኑም አሉ፣ አዲስ ህንጻ አልጠየቅንም። የሚቀጥለው ሴሚስተር ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት የመስሪያ ቤትዎን መልስ በግልጽ ቢያሳውቁን ደስ ይለናል፣ እኔም ቀጣዩ የግጥም ንባብ ላይ ከነመታወቂያዬ በሩ ላይ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አድማጭ