ስለ አያትሽ ከመናገርሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እግሬንም ተሽሎኛል፤ አታስቢ።

አጎትሽ ትናንት ማታ ደውሎ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ቹንቾን ከተማ በሚገኘው የኮሪያ ዘማቾቻችን መታሰቢያ ስለ አያትሽ እንድትናገሪ መመረጥሽን ነገረኝ። እልልታዬን ጎረቤት ሁሉ ሰማው። ቀጥሎ ግን አንቺ ጽፈሽ የላክሽለትን ሲያነብልኝ ሐሳብ ያዘኝ፤ እንቅልፍም አልወሰደኝም። «አያቴ በፖርክ ቾፕ ኮረብታ በጨበጣ የተዋጉ፣ ለጀግንነታቸውም ኒሻን የተሸለሙ» ብለሻል። ልጄ፣ ይህን አታንብቢ። በአያትሽ ላይ አትጨምሪባቸው።

አያትሽ የዘመቱት ወደ ኮሪያ ከተላከው ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ጋር ነው። ሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍረው፣ ወሩ ሳያልቅ ኮሪያ፣ ቡሳን ወደብ ገቡ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድበው ዓመት ያህል ቆዩና በ1944 ሁለተኛው ቃኘው ሲተካቸው ተመለሱ። የኢትዮጵያውያን ስም የተነሣበት የፖርክ ቾፕ ውጊያ ደግሞ በ1945 ነው። አክስትሽ የተወለደችው በዚያው ዓመት ነው። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ አያትሽ አዲሱን የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ድግሱን ሲያስተናግዱ እንደዋሉ እማማ ስንት ጊዜ ነግራናለች! አንድ ሰው በአንድ ጊዜ እዚህም እዚያም ሊሆን አይችልም። አጎትሽ ይህን ሁሉ እያወቀ እንዴት እንደሚስተው አይገባኝም። አባቱን ስለሚወድ ነው፤ ፍቅሩን አልነቅፍበትም።

ኒሻን የምትሉትም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው፣ ሰማያዊና ነጭ ሪባን ያለው ሜዳይ ነው። እሱ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮሪያ ላገለገለ ወታደር የተሰጠ ነው፤ ቱርኩም፣ ግሪኩም፣ ታይላንዱም አግኝቶታል፣ በየቋንቋው ተጽፎበት። የኛዎቹም የራሳቸው የአማርኛ አላቸው። ክብር ነው፤ በደም መካከል የቆመ ሰው ያገኘው ነው። ግን የጀግንነት ሽልማት አይደለም። እዚያ አዳራሽ የሚቀመጡት ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሪባኑን ከሩቅ ዐይተው ይለዩታል። አንቺ ልጄ በሰው ፊት እንድታፍሪ አልፈልግም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እሳቸው እንዲታፈርባቸው አልፈልግም።

ለመሆኑ ምን ጎድሏቸው ነው የምንጨምርላቸው? አያትሽ ቃሬዛ ተሸካሚ ነበሩ። ጥይት እየተተኮሰ ባዶ ቃሬዛ ይዞ ሽቅብ መውጣት፣ ከዚያ ቁስለኛ ተሸክሞ በበረዶ ቁልቁል መውረድ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። እሳቸው በረዶ ያዩት ገና ያኔ ነው። ከቃኘው ሻለቃ ጦሮች ከ120 በላይ ሰዎች ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። የቆሰሉት በገዛ እግራቸው አልወረዱም፤ እንደ አያትሽ ያሉ ሰዎች ናቸው ያወረዷቸው። ይህን ተናገሪ። ይበቃል።

አሁን አጎትሽም የማያውቀውን ልንገርሽ። አባባ በመጨረሻው ዓመት፣ እኔ ሳስታምማቸው፣ አንድ ሌሊት ነው የነገሩኝ። ፎቶግራፉ ላይ ከጎናቸው የቆመውን ጓደኛቸውን ታውቂዋለሽ፤ ስሙንም ታውቂያለሽ። ከኮረብታው ላይ በቃሬዛ ያወረዱት እሳቸው ናቸው። ለሐኪሞቹ ሲያስረክቡት ነፍሱ አልወጣችም፤ እንዲያውም ውኃ ለምኗቸዋል። ተመልሰው ወደ ላይ ወጡ። በማግሥቱ ማረፉን ሰሙ። መቃብሩን አላዩም።

በ1944 እንደተመለሱ ለቅሶ ሊደርሱ መንዝ ድረስ ሄዱ፤ እስከ ደብረ ብርሃን በመኪና፣ ከዚያ በእግር። የጓደኛቸው እናት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋቸው፦ «ማን ቀበረልኝ?» አባባ የሴትዮዋን ዐይን ሲያዩ አላስቻላቸውም። «እኔ ነኝ፤ በእጄ» አሏቸው። ሴትዮዋ ተነሥተው ሁለቱንም እጃቸውን ሳሙ። ከዚያ ጥያቄው ተከተለ። ፍትሐት ተፈታለት? ተፈታለት። ራሱ ወደ የት ነበር? ወደ ምዕራብ፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ። አፈሩስ ጥቁር ነው ቀይ? ጥቁር። አንዱን ከተናገሩ በኋላ ሌላውን መከልከል አልቻሉም። እኒያ እናት እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ «ልጄን ለቀበረ እጅ» እያሉ በሶ ይልኩ ነበር። አባባ አንድ ቀን እንኳ አልቀመሱትም፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለነዳያን ይሰጡት ነበር። እኛ ልጆቹ በሶ የሚጠሉ ይመስለን ነበር።

«እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ይችሉት ነበር» አሉኝ ያን ሌሊት። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሡትም። ስለዚህ ነው አትጨምሪባቸው የምልሽ።

ወረቀታቸው ለምን እንደሌለም ለሚጠይቅሽ ንገሪ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቃኘው ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ጦር ነው። በታኅሣሥ 1953 የክቡር ዘበኛ አዛዦች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍ፣ ከዚያ ጦር መሆን ራሱ ያስጠረጥር ነበር። ግማሹን ወረቀት እማማ ያኔ አቃጠለችው። ቀሪው በደርግ ጊዜ ጠፋ፤ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ «ኮሪያ ዘምቼ ነበር» ማለት የማይወራ ሆነ። ፎቶግራፉ የተረፈው አራት ታጥፎ ትራስ ውስጥ ስለተሰፋ ነው። እጥፋቱ በጓደኛቸው ግንባር ላይ የሚያልፈው ለዚህ ነው። በጀርባው በእርሳስ «ቡሳን 1943» የሚለው የገዛ እጃቸው ጽሕፈት ነው።

ይህንን ዓመት በተመለከተ ተጠንቀቂ። እዚያ 1943 ብለሽ ዝም ካልሽ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይመስላቸዋል። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1943፣ በአውሮፓ 1951» ብለሽ ሁለቱንም ጻፊ። ዋናውን ፎቶግራፍ ለማንም እንዳትሰጪ፤ ለአንድ ቀን ብለው ቢለምኑሽም እንኳ። ፊቱንም ጀርባውንም አንሥተሽ ቅጂውን ስጪያቸው። በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ምንም አትጻፊ።

አንድ ነገር ደግሞ ፈልጊልኝ። ቡሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የሞቱት ወታደሮች ስም የተቀረጸበት ግንብ አለ። ሴኡል ባለው የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየምም ስማቸው በየአገሩ ተጽፏል። የጓደኛቸውን ስም እዪልኝ። በላቲን ፊደል ስማችንን ሁሉም በየራሱ ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ብቻ ይዘሽ አትመለሺ። በአባቱም ስም ፈልጊ፤ እነሱ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ያስቀድሙታል። ተመሳሳይ ስም ብታገኚ «እሱ ነው» አትበዪ፤ ማዕረጉንና ቀኑን አመሳክሪ። ካላገኘሽውም አላገኘሁትም በዪኝ፤ ለእኔ ብለሽ አትጨምሪ። እኔም እዚህ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄጄ እጠይቃለሁ፤ የወደቁት አጽማቸው ተመልሶ ያረፈው እዚያ ነውና።

ቹንቾን ስትሄጂ ወፍራሙን ካፖርት ልበሺ። አያትሽ የእግራቸው ጣት እስከ ዕለተ ሞታቸው ብርድ በመጣ ቁጥር ይቆረጥማቸው ነበር። አንቺ ደግሞ ካልሲ መደረብ አትወጂም፤ አውቅሻለሁ። ሐውልቱን ጃንሆይ ራሳቸው በ1960 ተገኝተው ነው ያስመረቁት። ስትደርሺ በስሜ እጅ ንሺልኝ።

የኔ ዓለም፣ ተቆጣሁሽ እንጂ ኮርቼብሻለሁ። ከልጅ ልጆቻቸው ሁሉ ስለ እሳቸው ልጠይቅ ብላ የተነሣችው አንቺ ብቻ ነሽ። ንግግሩን እንደገና ጻፊውና ከማንበብሽ በፊት ላኪልኝ፤ እስከ ዓርብ ይድረሰኝ። የበሶውን ታሪክ እዚያ አትናገሪው፤ ለአንቺ ነው የነገርኩሽ። ለአጎትሽ ደግሞ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፤ አንቺ እንዳትደውይለት፣ ይከፋዋል።

እናትሽ