የአባዬ ምላጭ

ወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? የኮሎኝ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ አሁንም «ያ ልጅ ደወለ?» እያለች ትጠይቀኛለች፣ እኔም መልስ የለኝም።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው ዝም ካልኩህ። ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር ብልህ ግማሹ እውነት ነው፤ ጎንደር ለወራት እንዴት እንደከረመች አንተም ሰምተሃል። ግን ሲለቀቅ መጀመሪያ የገባልኝ መልእክት ያንተ ነበር። ስለ አባዬ የጻፍክልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ደወልክም፣ አላነሳሁም። ምን እንደምልህ ጠፋኝ፣ ከዚያ ቀኑ እየራቀ ሲሄድ ደግሞ አፈርኩ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ምላጭ ነው። አባዬ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚላጭባት ታጣፊ ምላጭ ትዝ ትልሃለች? እኔና አንተ እንዳንነካት የተከለከልናት፣ ባለ ቀንድ እጀታዋ። እሷ አሁን እኔ ጋ ነች።

አባዬ ሲሞት ጺሜን ለቀቅሁት። እንደ ደንቡ አርባው ሲወጣ መላጨት ነበረብኝ። አርባው ወጣ፣ ሙት ዓመቱም ወጣ፣ ጺሙ ግን እንዳለ ነው። ሰው ፋሽን መስሎት ዝም አለኝ። እማዬ ግን ነገሩ ገብቷታል። አንድ ቀን ሳጥኑን ከፈተችና በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለች ነገር እጄ ላይ አስቀመጠች። «ወይ ተላጭባት ወይ ለሚላጭባት ስጥ፣ ብረት ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይዝጋል» አለችኝ።

ስለቷ ደንዝዟል፣ ጫፏ ላይም ዝገት ጣል ጣል አድርጎባታል። እጀታዋ አጠገብ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበር፣ በዘይት ስጠርገው «ዞሊንገን» ይላል፣ በስለት ሥራዋ የታወቀችው የጀርመን ከተማ። ከተማዋ ካንተ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው! እዚያ ያልተሠራ ስለት ላይ የከተማዋን ስም መጻፍ በፈረንጆቹ ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። ከዚያ ድረስ መጥታ አባዬ እጅ እንዴት እንደገባች አላውቅም። አንድም ቀን አልጠየቅኩትም፣ ይህ ይቆጨኛል።

መጀመሪያ የሠራሁት ጥፋት ቢላዋ በምንስልበት ድንጋይ መሳሌ ነው። ስለቷ ጥርስ ጥርስ አወጣ። ለጢም የሚሆን ስለት ማጨረሻው እጅግ የላመ ድንጋይ ነው፣ የልመቱ ቁጥር 8000 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ። ይህን የነገሩኝ ፒያሳ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጸጉር አስተካካይ ናቸው። እሳቸውም ዛሬ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ግማሽ ምላጭ እየሰኩ ነው የሚላጩት፣ ኤች አይ ቪ ከመጣ ወዲህ ሌላ መንገድ የለም። እንዲህ ዓይነቷ የአንድ ሰው ብቻ ነች፣ አትዋስም። ድንጋያቸውን ግን አልጣሉትም ነበር። ጀርባዋም ስለቷም እኩል ድንጋዩን እየነኩ፣ ሳይቸኩሉ፣ ግማሽ ቀን ለፉባት።

ከዚያ ስለቷ የሚስተካከልበት ጠፍር ሰጡኝና የመስኮቱ ብረት ላይ አስረው አሳዩኝ። ስትጎትታት ጀርባዋ ይቀድማል፣ ስለቷ ይከተላል። ጫፍ ስትደርስ በጀርባዋ ነው የምትገለብጣት፤ በስለቷ በኩል ከገለበጥካት ጠፍሩም ይቀደዳል ስለቷም ይበላሻል። ሁለት ቦታ ቀድጄዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠፍሩን ብቻ ተለማመድኩ። አሁን ሳልላጭ በፊት ሠላሳ አርባ ጊዜ አመላልሳታለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ጺሜን በመቀስ አሳጠርኩት፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ፊቴ ላይ አድርጌ ቆየሁ፣ ሳሙናውን በብሩሽ አረፋ አስወጣሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በግራ እጄ ጉንጬን ወደ ላይ ወጠርኩ፣ ምላጯን ሠላሳ ዲግሪ ያህል አዘነበልኩ፣ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ትንሽ ወደ ታች አወረድኳት። ከጆሮዬ ሥር ሽርርር የሚል ድምፅ ተሰማኝ። የልጅነት ድምፅ ነው፣ ከበረንዳው የምንሰማው። ልቤ ቀጥ አለ።

ያን ቀን ጉንጬን ብቻ ነው የላጨሁት፣ የቀረውን በተለመደው መላጫ ጨረስኩ። አገጬን ለመድፈር አንድ ወር ወሰደብኝ። መጫን አያስፈልግም፣ ስለቷ ራሷ ትሠራለች። ወደ ጎን ብታንሸራትታት ግን ያኔውኑ ትቆርጥሃለች። አገጬ ሥር አንድ ጠባሳ አለኝ፣ ስልክ ሲጠራ ዞር ብዬ ነው።

እና አንድ ነገር ገባኝ። ስንጠራው አባዬ አፉን ወደ አንድ ጎን አጣሞ ዝም ይለን አልነበር? ተቆጣ ብለን እንሸሽ ነበር። ሲላጭ ቆዳውን እየወጠረ ነበር፣ ወንድምዓለም። ስለት ጉሮሮ ላይ እያለ አይወራም። ሲጨርስ ደግሞ ሁልጊዜ እሱ ራሱ ይጠራናል፣ አስታውስ፣ ፊቱ ገና ሳሙና ሳሙና እየሸተተ።

አሁን ስጨርስ አደርቃትና የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደርግባታለሁ፣ ያለበለዚያ ቶሎ ትዝጋለች።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ዞሊንገን ደርሰህ ከተመለስክ የላመ መሳያ ድንጋይ አንድ ፈልግልኝ። የሽማግሌው ሳስቷል፣ ለሳቸውም ጭምር ነው። በፖስታ አትላከው፣ ለጥምቀት ራስህ ይዘኸው ና። እማዬ ከተራ ቀን ቡና እንድታፈላልህ ነግሬያታለሁ።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከደወልክ እየተላጨሁ ስለሆነ ላላነሳ እችላለሁ። በሌላው ሰዓት ሁሉ አነሳለሁ።

ያንተው