ግልጽ ደብዳቤ፦ የአዋሽ ጎርፍና የእኛ ሰፈር ጎርፍ አንድ አይደሉም

ይድረስ፦ በአዳማ ከተማ የመንገድና የጎርፍ መውረጃ ሥራ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ።

በየክረምቱ የምሰማት አንዲት ንግግር አለች። ውሃ ቤታችን ገብቶ አቤት ስንል፣ «ጎርፍ እኮ ድሮም ነበረ፤ አዋሽ ስንት ጊዜ አጥለቅልቆ የለም ወይ?» እንባላለን። ልክ ነው፣ ነበረ። ግን ያኛውና ይሄኛው ለየቅል ናቸው። መፍትሔያቸውም እንደዚያው።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ወንጂ፣ ሸንኮራ አገዳ ውስጥ ነው። እሱ የሚያወራልን ጎርፍ ከሩቅ የሚመጣ ነበር። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ደጋው፣ በጊንጪና በበቾ በኩል ነው። «አዋሽ እየመጣ ነው» ሲባል ሰው ከብቱን ያወጣል፣ አፈር ይከምራል፣ እህሉን ቆጥ ላይ ይሰቅላል። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ግድብ ሲመረቅ ደግሞ ወንዙ በር ተበጀለት። አደጋው ጨርሶ አልጠፋም። ግድቡን ደለል እየበላው ነው፤ በነሐሴ 2012 አዋሽ ሞልቶ አፋር ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ቢሆንም ትልቅ ወንዝ ሲሞላ ላይ ያለው ሰው ታች ላለው ስልክ ለመደወል ጊዜ አለው።

እኛ ጋ ያ ጊዜ የለም። አዳማን መሃል ለመሃል የሚያቋርጥ ትልቅ ወንዝ የለም። ከተማዋ የተቀመጠችው በኮረብታ በተከበበ ጎድጓዳ ቦታ ነው። ኮረብታው ላይ የጣለው ሁሉ ወደ እኛ ይወርዳል።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ እንዲህ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ግቢ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ዝናቡ ጀመረ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አባራ። በዚያች ጊዜ ውሃው በበሩ ሥር ገባ። የጤፉን ማዳበሪያ አልጋ ላይ አወጣን፣ እናቴን ደግሞ ጎረቤት ወሰድናት። ሲያባራ የልጄን ማስመሪያ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩ። 4 ሳንቲሜትር፣ ማለትም 40 ሚሊ ሜትር።

ትንሽ ይመስላል። ግን 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው አንድ ቤት በዚያች ሰዓት 4,000 ሊትር ውሃ መንገድ ላይ ደፍቷል። ሃያ በርሜል መሆኑ ነው፣ ከአንድ ቤት ብቻ። ድሮ ግቢው አፈር ስለነበረ የተወሰነውን ይጠጣ ነበር። ዛሬ ግቢው ሲሚንቶ፣ መንገዱ አስፋልትና ኮብልስቶን ነው። ሰማዩም ቢሆን የድሮው አይደለም። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ስለዚህ የዓመቱ ዝናብ ባይጨምር እንኳ አንዱ ዝናብ በአንድ ጊዜ የሚያወርደው ሊበዛ ይችላል።

እባካችሁ «ዘንድሮ ዝናቡ መካከለኛ ነው» አትበሉን። የክረምቱ ድምር ለገበሬው ይጠቅማል። ለዲች፣ ማለትም ለጎርፍ መውረጃው ቦይ ግን የሚያስፈልገው የአንዷ ሰዓት ቁጥር ነው። አዲስ ቱቦ ስትቀብሩ በስንት ሚሊ ሜትር በሰዓት እንዳሰላችሁት ለሕዝቡ ንገሩን። በየቀበሌው የዝናብ መለኪያ ይተከል፣ ንባቡም ይለጠፍ። ርካሽ ዕቃ ነው፤ የትምህርት ቤት ልጆችም ሊያነቡት ይችላሉ።

ዲቹ የሚጠረገው ጎርፍ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ግንቦት ላይ ይሁን። ወጣቶች ሲጠርጉ አይቻለሁ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ያወጡትን ደለልና የሃይላንድ ፕላስቲክ ጠርዙ ላይ ከምረውት ይሄዳሉ። የሚያነሳው መኪና ካልመጣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። የተከመረው በዚያው ቀን ይነሳ።

ድሬዳዋን አስታውሱ። ሐምሌ 1998 ላይ ዝናቡ የጣለው ከከተማው በላይ ካለው ደጋ ነበር። በጋውን ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። እኛም ከኮረብታው የሚወርዱ ደረቅ ቦዮች አሉን። እነዚያ ቦዮች ላይ ቤት እንዳይሠራ አሁኑኑ ይከለሉ፤ ቀድመው ለሠሩትም ምትክ ቦታ ይፈለግላቸው።

የእኛን ሰፈር ዲች ለማየት ከመጣችሁ በዝናብ ሰዓት ኑ። ሲደርቅ ደህና ነው የሚመስለው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአዳማ ነዋሪ