ተርብ አይደለም፣ ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። “አባዬ፣ ይሄ ተርብ ይናደፋል እንዴ?” ብለሽ ነበር። አይናደፍም። ጥንዚዛ ነው። ቢጫና ጥቁር መልኩ ወፎች ተርብ መስሏቸው እንዲርቁት ይረዳዋል። አንቺንም አሳስቶሻል።

እስኪ ጀርባውን አጉልተሽ እዪው። የተርብ ክንፍ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። የዚህ የላይኛው ክንፍ ግን ደረቅ ሽፋን ነው፤ ግራና ቀኙ መሃል ላይ ገጥሞ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቷል።

አሁን አንቴናውን ተመልከቺ። እንዴት እንደረዘመ! ባለ ረጅም አንቴና ጥንዚዛዎች ከ30,000 በላይ ዝርያ አላቸው፤ ስለዚህ ስም ለማውጣት አትቸኩዪ። አበባ የሚያዘወትሩት ግን ቁመናቸው ያስታውቃል። ትከሻቸው ሰፋ ብሎ ወደ ኋላ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ጭንቅላታቸው ከዓይናቸው ኋላ ቀጠን ብሎ አንገት ያወጣል። ፊታቸው ሾል ያለ ስለሆነ አበባ ውስጥ ለመግባት ይመቻቸዋል። ያንቺው አፉ ዙሪያ የአበባ ብናኝ ተለጥፎበታል፤ ሲበላ ነው የደረስሽበት።

ቀለም ላይ ብቻ እንዳትተማመኚ አደራ። ስቲክቶሌፕቱራ ሩብራ የሚባል አለ። ሴቷ ደረቷም ክንፏም ቀይ ነው። የወንዱ ደረት ጥቁር ነው፣ ክንፉ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቡኒ። እኔ መጀመሪያ ሳያቸው ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ብዬ ነው ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኳቸው። ያንቺም ዓይነት ቢሆን ጥቁር ነጠብጣቡ ከአንዱ አንዱ ይለያያል። አንዳንዱ ላይ ተያይዞ መቀነት ይሆናል፣ ሌላው ላይ ተበታትኖ ይቀራል።

እኔ ሩትፔላ ማኩላታ ነው እላለሁ። አውሮፓ ውስጥ በበጋ አበባ ላይ በብዛት የሚታይ ነው። የሚያምታታው ዘመዱ ሌፕቱራ ኳድሪፋሺያታ ነው፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ያወጣለት። እሱም ቢጫና ጥቁር ነው፣ እግሩ ግን ጥቁር ነው። ያንቺው እግሩ አብዛኛው ቢጫ ነው። አንቴናውም ላይ ቢጫና ጥቁር ይፈራረቃል። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አበባው አጠገብ የበሰበሰ ግንድ ነበር? እጩ፣ ማለትም ትል የሚመስለው ልጁ፣ የሚያድገው የሞተ እንጨት ውስጥ ነው። አበባ ላይ የምናየው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ግንዱን ካገኘሽ ዝም ብለሽ ተዪው፣ እንዳትገለብጪው።

ተመልሰሽ ከሄድሽ ከጎኑ አንሺልኝ፤ ይሄኛው ፎቶ ከላይ ብቻ ነው። የወንዱ የኋላ ቅልጥም በውስጥ በኩል እንደ ጥርስ የወጡ ሁለት ጉብታዎች አሉት። እነሱን ካየሁ ወንድ መሆኑን እነግርሻለሁ። ጥላሽ እንዳያርፍበት ቀስ ብለሽ ቅረቢ፤ ከደነገጠ ይበራል።

አባትሽ