አንድ ጥይት ለሁለቱም መሣሪያ ይሆናል ወይ ላልሽኝ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? በ.357 ማግነም ሪቮልቨርና በዚያው ካሊበር ባለ 18 ኢንች ካርባይን (አጭር ጠመንጃ) ኦሃዮ ላይ አጋዘን ልታድኚ እንደተነሣሽ፣ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ዓይነት ጥይት በእጅሽ ሞልተሽ መገላገል እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። ይቻላል። ግን ከሁለቱ አፈሙዝ የሚወጣው አንድ ነገር እንዳይመስልሽ።

ባለ 158 ግሬን አረር፣ ማለትም 10 ግራም ገደማ፣ ከሪቮልቨር ሲወጣ በሴኮንድ 370 ሜትር ያህል ይሄዳል። ያው ጥይት በካርባይን ሲተኮስ፣ ረጅሙ አፈሙዝ ጋዙን ረዘም ላለ መንገድ ስለሚያሠራው ወደ 545 ሜትር ይጠጋል። ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። መቶ ሜትር ከተጓዘ በኋላ እንኳ ከሪቮልቨሩ አፍ ገና ከወጣው ይፈጥናል። «.357 ለአጋዘን ይበቃል፣ አይበቃም» እያሉ የሚከራከሩት አንዱ ሽጉጡን፣ ሌላው ጠመንጃውን እያሰበ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትመርጪው ባሩዱን ሳይሆን አረሩን ነው። ባለ 110 እና ባለ 125 ግሬን ጫፈ ቀዳዳ አረሮች የተሠሩት ራስን ለመከላከል ነው፤ በካርባይን ፍጥነት ከቅርብ ሲመቱ ገና ቆዳና የጎን አጥንት ላይ ይፈነዳሉ፣ ሳንባው ዘንድ ሳይደርሱ ይበታተናሉ። ወፍራም የመዳብ ልብስ ያለው ባለ 158 ግሬን ይሻላል፤ ግን የሪቮልቨር ፍጥነት ታስቦ የተሠራ ከሆነ ከካርባይን በ20 ሜትር ርቀት ትከሻ ላይ አትሞክሪው። አንድ ጥይት ለሁለቱም ካልሽኝ የእኔ ምርጫ አፉ ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ የእርሳስ ቅልቅል፣ ባለ 180 ግሬን ነው። ብዙ አይሰፋም፤ የሚሠራው በጠፍጣፋው አፉና ወዲያ በኩል በመውጣቱ ነው። ፍጥነቱ ከ158ቱ ያንሳል፣ በካርባይን ወደ 480 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ፍጥነት ለተራ እርሳስ ስለሚበዛ ታቹ ላይ የመዳብ ቆብ ያለውን ግዢ፤ ስፋቱም ከልብሰ መዳቡ በአንድ ሺሕኛ ኢንች ከፍ ያለ፣ .358 ይሁን። ከጠበበ ጋዝ በጎኑ ያመልጥና አፈሙዙን በእርሳስ ያለብሰዋል።

ጫፈ ሹል አረር ግን ለካርባይኑ ፈጽሞ እንዳታስቢው። በካርባይኑ የቱቦ ካዝና ውስጥ የአንዱ ጥይት ጫፍ በፊቱ ባለው ጥይት ፕራይመር፣ ማለትም ባሩዱን በሚለኩሰው የቀለሃው ቂጥ ክብሪት ላይ ተደግፎ ስለሚቀመጥ፣ መሣሪያው ሲራገጥ ሊያፈነዳው ይችላል።

አሁን ወደ አሞላሉ። የባሩዱን ልክ ከዚህ ደብዳቤ አትጠብቂ፤ ካምራቹ ሰንጠረዥ፣ ለዚያው ክብደትና ለዚያው ዓይነት አረር የተጻፈውን ብቻ ውሰጂ። የልብሰ መዳብ አረር ሰንጠረዥ ለእርሳስ፣ የ158 ደግሞ ለ180 አይሠራም፤ ከባዱ አረር ረጅም ስለሆነ ወደ ቀለሃው ጠልቆ የባሩዱን ቦታ ያጠባል፣ ግፊቱም ይንራል። ለዚህ ሥራ የሚመቸው ዝግ ብሎ የሚነድ ባሩድ ነው። ኤች 110 እና ዊንቸስተር 296 በሁለት ስም የሚሸጡ አንድ ባሩድ ናቸው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላውን ፈልጊ። ከሌሎች ባሩዶች የሚለይበት ነገር አለ፦ በሌሎቹ ከጣሪያው አሥር በመቶ ዝቅ ብለሽ ትጀምሪያለሽ፤ ይህንን ግን በራስሽ ፈቃድ አትቀንሺው። ሲጎድል በቅጡ ስለማይቀጣጠል አረሩ አፈሙዙ መካከል ሊቀር ይችላል፤ የሚቀጥለው ጥይት ደግሞ መሣሪያውን ይሰነጥቀዋል። የማግነም ፕራይመር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፣ በተለይ በብርድ።

ደጉ ነገር ግን ይህ ባሩድ ቀለሃውን ሊሞላው ስለሚቃረብ፣ ሁለቴ ብትጨምሪ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል፤ ስሕተቱን ታዪዋለሽ። ፈጣኖቹ ባሩዶች አምስት ግሬን ብቻ ስለሚበቃቸው፣ ሁለት እጥፍ ቢገባ እንኳ ቀለሃው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ምንም ቢሆን ሃምሳውንም ቀለሃ በመደርደሪያው ላይ አስቀምጠሽ፣ አረር ከማስቀመጥሽ በፊት ባትሪ እያበራሽ አንድ በአንድ እዪ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የባሩድ ቆርቆሮ ብቻ ይኑር። ሚዛኑንም ሥራ ስትጀምሪ በመፈተሻ ክብደት ለኪው።

ቀለሃዎችሽ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ካርባይድ ዳይ፣ ማለትም ቀለሃውን ወደ ልኩ የሚመልስ የጠንካራ ብረት ቅርጽ ማውጫ ካለሽ ቅባት አያሻቸውም። የሚበዛው ጥፋት የሚመጣው ከርዝመታቸው ነው። የ.357 ማግነም ቀለሃ ትልቁ ርዝመት 1.290 ኢንች ነው፤ ሁሉንም ወደ 1.280 ቁረጪያቸውና አንድ ይሁኑ። ለምን ካልሽ፣ ክሪምፑ፣ ማለትም የቀለሃው አፍ ወደ አረሩ ቦይ ታጥፎ የሚጨብጥበት፣ ጥንካሬው በቀለሃው ርዝመት ይወሰናል። የክሪምፑን ዳይ ባጭሩ ካስተካከልሽው ረጅሙ አፉ ያብጥና ወደ ሲሊንደሩ፣ ጥይት ወደሚይዘው የሪቮልቨሩ ተሽከርካሪ ክፍል፣ አልገባም ይላል፤ በረጅሙ ካስተካከልሽው አጭሩ ሳይጨበጥ ይቀራል።

ክሪምፑን አጥብቄ የምነግርሽ በሁለቱ መሣሪያ የሚገጥመው ፈተና ተቃራኒ ስለሆነ ነው። በሪቮልቨር ሽጉጡ ተራግጦ ወደ ኋላ ሲሸሽ ቀለሃው አብሮት ይሄዳል፣ ከባዱ አረር ግን ባለበት መቅረት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከቀለሃው ወደ ፊት ይወጣና ሲሊንደሩ እንዳይዞር ይቆልፈዋል። በካርባይኑ ደግሞ የካዝናው ሞላና የመሣሪያው ርግጫ አረሩን ወደ ቀለሃው ውስጥ ይገፋዋል፤ ቦታው ሲጠብ ግፊቱ ይጨምራል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሪቮልቨሩን አጉርሰሽ አንዷን ጥይት ርዝመቷን ለኪና ምልክት አድርጊባት፤ ሌሎቹን ተኩሰሽ እንደገና ለኪያት። በካርባይኑም ካዝናው ጫፍ የገባችውን እንዲሁ። ከተለወጠች ክሪምፑን አጥብቂ፤ አሁንም ከተለወጠች የቀለሃው አንገት ልል ነው፣ የማስፊያው ዘንግ ከመጠን በላይ አስፍቶታል ማለት ነው። የጥይቱ ሙሉ ርዝመት ከ1.590 ኢንች ካለፈ ሪቮልቨሩ ይቀበለው ይሆናል፣ ካርባይኑ ግን ያንቃል።

ፕራይመሩን በጣትሽ ዳብሺው፤ ከቀለሃው ቂጥ በጥቂቱ ዝቅ ማለት አለበት። ወጣ ያለ ሪቮልቨሩን ያጣብቃል። ወደ ጫካ የምትይዣቸውን ጥይቶች በሙሉ ቤት ሳለሽ በእያንዳንዱ የሲሊንደር ቀዳዳ ሞክሪያቸው፣ መሣሪያው ባዶ አቅጣጫ እያየ። በዚያው ሪቮልቨር .38 ስፔሻል የሚባለውን አጭር ጥይት ስትለማመጂበት ከከረምሽ በአጭሩ ቀለሃ ጫፍ ላይ የካርቦን ቀለበት ይሠራል፤ ማግነሙ አልገባም ቢልሽ ጥፋቱ የጥይቱ ላይሆን ይችላልና ቀዳዳዎቹን ቦርሺ።

ስትተኩሺ ድምፁ «ፑፍ» ብሎ ከወጣ ምላጩን ዳግም እንዳትነኪ። አውጪና አፈሙዙን በዘንግ መርምሪ።

ሕጉን በአጭሩ፦ ኦሃዮ ለአጋዘን ቀጥ ያለ ቀለሃ ያላቸውን ከ.357 እስከ .50 ካሊበር ጠመንጃዎች ትፈቅዳለች፤ ሪቮልቨር ደግሞ አፈሙዙ ቢያንስ 5 ኢንች ይሁን ትላለች። ካርባይኑ ዘጠኝ ቢይዝም ከሦስት በላይ አታጉርሺ። የዓመቱን መመሪያ ራስሽ አንብቢ፣ ይለዋወጣል። አንድ ቀን ካሊፎርኒያ ብትሄጂ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ወዲህ በእርሳስ ማደን ክልክል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ለዚያው ክብደት ስለሚረዝም አሞላሉን ከዜሮ መጀመር ይኖርብሻል።

ርቀት። ካርባይኑን በ100 ሜትር ካስተካከልሽው ያ 180 ግሬን በ50 ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ በ150 ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ 100 ሜትር ድንበርሽ ይሁን። በሪቮልቨር ደግሞ ድንበሩን የሚያወጣው እጅሽ ነው፦ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ወረቀት ተቀምጠሽ ወይ ተንበርክከሽ አምስቱንም ጥይት እስክትመቺበት ድረስ ቅረቢ፤ እዚያ ላይ ቁሚ። ለብዙ ሰው 40 ሜትር አካባቢ ነው። ከባድ አረር በሪቮልቨር ወደ ላይ የመምታት ጠባይ አለው፤ ማነጣጠሪያውን በ.38 ካስተካከልሽ እንደገና አስተካክዪው። ስትደገፊ እጅሽን አስደግፊ፣ አፈሙዙን አይደለም። በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ባለው ክፍተት የሚወጣው ጋዝ ይቆርጣል፤ ካርባይን የለመደ ግራ እጅ ወደዚያ መሄድ ይወዳልና ተጠንቀቂ። ጆሮሽንም ሸፍኚ።

አጋዘኑ ጎኑን ሲሰጥሽ፣ ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ግርጌ አንድ ሦስተኛ ከፍ ብለሽ አነጣጥሪ። ጀርባውን በከፊል ሰጥቶሽ ዞር ብሎ ከቆመ የወዲያኛውን የፊት እግር እያሰብሽ ተኩሺ። ፊቱን ወዳንቺ ካደረገ ጠብቂው፤ ጭንቅላቱንም ተዪው።

ጠንካራ አረር ሳንባ መትቶ እንኳ አጋዘኑ መቶ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። የሄደበትን ዛፍ ምልክት አድርገሽ ግማሽ ሰዓት ተቀመጪ። ከዚያ የቆመበት ቦታ ሄደሽ አረሩ በወጣበት በኩል ፈልጊ። ደማቅና አረፋ ያለው ደም የሳንባ ነው፣ ተከተዪው። ጠቆር ያለ ከሆነ የጉበት ነው፣ አራት ሰዓት ያህል ጠብቂ። አረንጓዴ ነገርና ሽታ ካለው ሆድ ነው፤ ስድስት፣ ስምንት ሰዓት ካልቆየሽ ቀስቅሰሽ ታባርሪዋለሽ። ዝናብ ቢመጣ ግን ጠብቂ ያልኩሽን ትቼዋለሁ፤ ደሙ ሳይታጠብ ሂጂ።

አባትሽ