ጉዳዩ፦ የሠርግ ጥሪን ይመለከታል

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጁ 6ኛ ክፍል ገብቷል፤ ሒሳብ አይወድም። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው "ሰ" ስትል ታፏጫለች። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ከአባባ ጋር በእግር ካልተሻገርኩ ብላ አስጨንቃኛለች። ግንቦት 2016 ሲመረቅ በቴሌቪዥን አይታ እስካሁን አልረሳችውም።

የግፊት መድኃኒትዎን ይውሰዱ። ሠራተኛዋ "ዋጥኩ ይሉኛል፣ ክኒኑ ግን አይጎድልም" ብላኛለች። አይቆጧት፤ የጠየቅኋት እኔ ነኝ።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ልመጣ ልመጣ እያልኩ ሳምንት ሞላኝ።

ለእማዬ ሙት ዓመት ስመጣ አልጋዎ ሥር ያለውን ካርቶን ከፍቻለሁ። እንደሚቆጡ አውቃለሁ። የሠርግ ካርድ፣ የተዝካር ጥሪ፣ የጡረተኛ መኮንኖች ምሳ። የሰጡት መልስ ሁሉ በካርቦን ተገልብጦ ከጥሪው ጋር በስፒል ተያይዟል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ "ጉዳዩ" አለው። ጡረታ ወጥቶ መዝገብ ቤት ያለው ሰው ከእርስዎ ሌላ አላየሁም። ለሐረር ጦር አካዳሚ ጓደኞችዎ ግን ይቀልዳሉ! አንዱን "አንተ ሽማግሌ፣ ጥርስህን ይዘህ ና፣ የጣና ዓሣ አጥንት አለው" ብለውታል። እንዲህ መቀለድ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

የእኔም ካርድ እዚያው ነው። "ጥሪው ደርሶኛል። በዕለቱ አስቀድሞ የተያዘ ጉዳይ ስላለኝ መገኘት አልችልም። መልካም ጋብቻ።" ቁጥር 31። እኔ ዋናውን ያኔውኑ ቀድጄዋለሁ። የእርስዎ ግልባጭ እጥፋት እንኳ የለውም።

እሑድ፣ ግንቦት 8 ቀን 2002። አዲስ አበባ ድረስ ሰው ሁሉ መጣ። ጉልበት የሳምኩት የአጎቴን ነው። እማዬ "በግንቦት አይሠረግም" እያለች ስታጉረመርም፣ እርስዎም በዚያ የተቀየሙ መስሎኝ ኖሬአለሁ። ካርቶኑን ሳገላብጥ ግን ግንቦት 8 ላይ የዋለ ጥሪ ሁሉ መልሱ አንድ ነው። የጎረቤት ክርስትና እንኳ አልቀረለትም። "አስቀድሞ የተያዘ ጉዳይ።"

በ1981 ያን ቀን የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት፣ በዓመቱም በዚያው ሰበብ 12ቱ ጄኔራሎች መረሸናቸውን ያነበብኩት ከመጽሐፍ ነው። ከመካከላቸው ከማን ጋር ቡና እንደጠጡ አልነገሩንም። "ልጄ፣ ቀኑን ለውጪው" ቢሉኝ እለውጠው ነበር እኮ! ምክንያቱንም አልጠይቅም ነበር። እሺ፣ እጠይቅ ነበር።

ይህን ለመጻፍ አልነበረም የተነሳሁት።

ባለፈው ሳምንት የኮሎኔሉ ባለቤት ደወሉልኝ። እርስዎ ለባላቸው ደብዳቤ ልከዋል። ለጥምቀት ባሕር ዳር ና፣ የዘጌ ቡና አስቆልቼ እጠብቅሃለሁ ብለው። የእጅ ጽሑፉ የእርስዎ ነው። ቀኑም የዘንድሮ ነው።

አባባ፣ ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበቡት እርስዎ ነበሩ።

ሴትዮዋ ስልኩ ላይ ሲያለቅሱ "ምናልባት የድሮ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ቆይቶ ይሆናል" አልኳቸው። ዋሸሁ። ምናልባት ድካም ነው። ምናልባት መድኃኒቱን ስለሚዘሉ ነው። ሐኪም ዘንድ አብረን እንሂድ ብል ደግሞ ቁጥርና ቀን ያለው መልስ እንዳይልኩልኝ ፈራሁ።

ስለዚህ አልጠራዎትም። ዓርብ ማታ ልጆቹን ይዤ በአውሮፕላን እገባለሁ። ቅዳሜ ድልድዩን እንሻገራለን፣ ሰኞ ሐኪም ቤት። ውሻውን ያሳስሩልን፤ ትንሿ ትፈራለች። ሲመሽ ብቻዎን ወደ ሐይቁ አይውረዱ፣ ያ ድንጋይ ያንሸራትታል።

እስክመጣ ድረስ የሚጽፉት ደብዳቤ ካለ ፖስታ ቤት አይላኩት። ካርቶኑ ውስጥ ያስቀምጡልኝ።

ልጅዎ