እማዬ፣ ቤት ቀየርን

ለምወድሽና ሁሌም ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም።

ባለፈው ስንደዋወል ድምፅሽ ከፍቶት ነበር። «ልጅሽ አሜሪካ ድረስ ሄዶ መኪና ውስጥ ያድራል አሉ» ብለው እንደነገሩሽ ሰማሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ይሄ በስልክ ተጣድፎ የሚነገር ነገር አይደለም። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

አዎ፣ የምንኖረው መኪና ውስጥ ነው። ግን ቤት አጥተን አይደለም። ልጆቹ ወጥተው ራሳቸውን ሲችሉ ዴንቨር ያለው ቤት ለሁለት ሰው ሰፋብን፤ ወጪውም ከበደን። ሸጥነውና ሞተርሆም ገዛን። ከፊት መሪ፣ ከኋላ መኝታ ያለው መኪና ነው። ማብሰያው፣ ፍሪጁ፣ ሽንት ቤቱ፣ ገላ መታጠቢያው ሁሉ ውስጡ ነው። እዚህ አገር ዓመቱን ሙሉ እንዲህ የሚኖር ሰው ብዙ ነው፤ ጡረተኛም አለበት።

እስቲ አባባን አስቢው፣ ነፍሱን ይማረውና። የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ስንት ሌሊት ሚሌ ላይ፣ ዲቾቶ ላይ የጭነት መኪናው፣ ኤንትሬው ጋቢና ውስጥ አደረ? ማንም ሰው ቤት የለውም አላለውም። ኮምቦልቻ ሲገባ ጡሩምባውን ሲነፋ እኛ በባዶ እግራችን ስንሮጥ ትዝ ይልሻል? እኔም እዚህ ስንት ዓመት ከባድ መኪና ስነዳ የኖርኩት በዚያ ድምፅ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ባለፈው ወር ትንሿን መኪና ለቀን ትልቅ ገዛን። የድሮዋ ሰባት ሜትር ከምናምን ነበረች፤ የአሁኗ ከአስር ሜትር ታልፋለች። ስንቆም ደግሞ ቁልፍ ስጫን የሳሎኑ ግድግዳ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ሳሎኑ ዓይኔ እያየ ይሰፋል።

ለምን ቀየራችሁ ብትይኝ፣ በር ፈልገን ነው። ባለቤቴ በስልክ አስተርጓሚ ናት። አንዲት የእኛ አገር እናት ሆስፒታል ትገባለች፣ እንግሊዝኛ አትችልም። ያኔ ሐኪሙ ይደውላል፣ ባለቤቴ መሃል ሆና ታስተረጉማለች። የታማሚ ሚስጥር ነው፣ ሌላ ሰው መስማት የለበትም። በትንሿ መኪና ውስጥ የሚዘጋ በር ያለው ሽንት ቤቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ስልኳ ሲጮህ እኔ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ዝናብም ቢሆን፣ ብርድም ቢሆን። አንድ ቀን ጃኬቴን ሳልይዝ ወጥቼ አንድ ሰዓት ሙሉ በረዶ ላይ ቆምኩ። ስትጨርስ በሩን ከፍታ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ቀን ነው የወሰንነው። አሁን መኝታ ክፍሉን ዘግታ ትሠራለች፣ እኔም ቡናዬን ይዤ ሳሎን እቀመጣለሁ። ኢንተርኔቱ በሳተላይት ነው፣ ስታርሊንክ ይሉታል፤ በረሃ መሃልም ይሠራል።

ሁለተኛው ምክንያት እንጀራ ነው። የድሮዋ የምትስበው መብራት 30 አምፒር ብቻ ነበር፣ ማለት 3,600 ዋት። በሙቀት ጊዜ ኤሲው እየሠራ፣ የውሃ ማሞቂያው ተነስቶ፣ ምጣዱ ሲጨመር ቆጣሪው ይጥላል። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ሊጥ እንደሆነ ምጣዱ ላይ ይቀራል። አዲሷ 50 አምፒር ናት። ሁለት መስመር ስለሆነ እስከ 12,000 ዋት ትችላለች። ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት ሃያ እንጀራ በአንድ መቀመጫ ጋገረች። አንዴም አልጠፋም። የመጀመሪያዋን እንፋሎቷ ሳይበርድ በሚጥሚጣ በላናት።

እንዲህ ብዬ ስነግርሽ በቀላሉ የተገኘች እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ ያየናት መኪና ታምር ነበር። ሻጩም ጨዋ ይመስላል። አልጋው አጠገብ ስረግጥ ግን ወለሉ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ገባ አለ። ግድግዳውን በአውራ ጣቴ ስጫን እሱም ላላ። ምንጣፉን ገለጥ ሳደርግ የሻገተ ሽታ መጣ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ውሃው እንጨቱን በውስጥ በልቶት ከላይ ቀለም ቀብተውታል። ጎማዎቹም ጥርሳቸው ሙሉ ነው፣ አዲስ ይመስላሉ። ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳነብ 2214 ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በ22ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የቆመ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜና በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ አስር ሜትር መኪና ተሸክሞ ቢፈነዳ ምን እንደሚያመጣ አባባ ስንቴ ነግሮናል። ጥለናት ሄድን። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ፈለግን። ያሁኗን ከሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ገዛን። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ስፌቱን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኩት። ዋጋውን ለአንቺ ብቻ በስልክ እነግርሻለሁ።

የሚጎድለውንም ልንገርሽ። በአንድ ሊትር ሦስት ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው። ገበያ ይዘናት መግባት አንችልም፤ ስለዚህ ሌላ ትንሽ የቤት መኪና ከኋላ እንጎትታለን። ብዙ የድሮ ፓርኮች የማደሪያ ቦታቸው አጭር ስለሆነ አይቀበሉንም። በድሮዋ የገባንባቸው የወንዝ ዳሮች አሁን ለእኛ የሉም። ባለቤቴ ለዚያ ታዝናለች።

አሁን ያለነው አሪዞና፣ ኳርትዝሳይት የምትባል ቦታ ነው። የመንግሥት መሬት ነው። ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ፣ ለሰባት ወር የሚከፈለው ብዙ አይደለም። ውሃ የሚቀዳበትና ቆሻሻ ውሃ የሚደፋበት ቦታ አለው። መሬቱ ጠጠር ነው፣ ቁጥቋጦው ግራር ይመስላል፤ ማታ ማታ ሚሌን ያስታውሰኛል። ለጥምቀት ፊኒክስ ሄደን ታቦቱን አጅበን ተመለስን። በእናንተ ክረምት፣ እዚህ ሙቀት ሲሆን ወደ ኮሎራዶ ተራሮች እንወጣለን፤ እኔ እዚያ ካምፕ እጠብቃለሁ፣ ስለዚህ የማቆሚያ አንከፍልም።

አድራሻ የለውም ያሉሽም ተሳስተዋል። ደቡብ ዳኮታ የሚባል ግዛት አለ። እዚያ ያደርንበትን ደረሰኝ አሳይተን መንጃ ፈቃድ አወጣን። ደብዳቤያችንን የሚቀበልና የሚልክልን ድርጅትም እዚያው አለ።

ሶፋው ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል። የልጅ ልጆችሽ ለፋሲካ መጥተው ሊያድሩበት ነው።

በይ እማዬ፣ አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ። አባባ ኤንትሬው ፊት ቆሞ የተነሳውን ፎቶ በትልቁ አሳጥበሽ በሰው ላኪልኝ። የድሮዋ መኪና ሁሉ ቦታዋ ቁም ሳጥንና መስኮት ነበር፣ ፎቶ የሚሰቀልበት አልነበራትም። አሁን ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ባዶ ግድግዳ አለ። ለክቼዋለሁ። ወርዱ 40 ሳንቲም፣ ቁመቱ 50 ነው፤ ከዚያ እንዳይበልጥ።

የሚወድሽ ልጅሽ